የሕያዋን ልሳናት መምህራንና ቤተ ሰባቸው

ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሰደደ አባት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ልጁ ወደ ፊት በምን ሥራ እንደሚኖር ነው። አሳቡም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አባት የመረጠው ሥራና የልጅ ልብ የወደደው ሥራ የተለያዩ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ዳኛ የሌለው ክርክር ሆኖ በቤት ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክ በአሜሪካ አገር በኮሌጅ ውስጥ የሕያዋን ልሳናትን ትምህርት ስላቆሙ ሁለት ፕሮፌሰሮች ነው። ሁለቱም ለሕግ ሥራ የታሰቡ ነበሩና፣ ይህን የሚጽፍ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጥቂት ቅር ሳይለው አይቀርም።

ሕያዋን ልሳናት የሚባሉት ሕዝብ በቤቱና በገበያው የሚነጋገርባቸው ቋንቋዎች ናቸው። በቀድሞ ዘመን በኤውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ሊቅ ተብሎ የሚከበረው የጥንቱን ግሪክና ላቲን ያወቀ ሰው ነበረ፤ ፈረንሳይኛና እስፓንኛ ግን ለነጋዴና ለመንገደኛ የሚሆን እውቀት ተብሎ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበረ። በእኛም አገር ግዕዝ ተምሮ ቅኔ የተቀኘ ሰው በከበረበት ጉባኤ፣ እናቱ ያስተማረችውን አማርኛ እንደ ትምህርት የሚቈጥርለት እንዳልነበረ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው የሃርቫርድ ኮሌጅ የተመሠረተው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ዓ.ም. ነው። የቦስተን ነጋዴ የነበሩት አቢኤል ስሚዝ በ1815 ሲሞቱ፣ በዚህ ኮሌጅ ፈረንሳይኛና እስፓንኛ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ይቆም ዘንድ 20,000 ዶላር ተናዘዙ። በዚህም ገንዘብ አዲስ የመምህርነት ወንበር ተዘረጋ። በወንበሩ ላይ መጀመሪያ የተቀመጡት ጆርጅ ቲክኖር ናቸው። ቲክኖር የጥብቅና ፈቃድ ተቀብለው አንድ ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ሥራውን ትተው ጀርመንኛ ለመማር ተነሡ። በዚያን ጊዜ ግን እንደ ቦስተን ባለ ከተማ እንኳ መምህርም መጽሐፍም በቀላሉ አልተገኘም። ሰዋስዉን ከወዳጃቸው ተዋሱ፤ መዝገበ ቃላቱንም ኒው ሃምፕሺር ወደሚባለው ሌላ ግዛት ልከው አስመጡ። በ1815 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ በ1819ም ተመልሰው ወንበሩን ተረከቡ።

ቲክኖር ያመጡት ሥርዓት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በኮሌጁ ብዙ አከራከረ። ተማሪዎች በገቡበት ዓመት ሳይሆን በእውቀታቸው መጠን ይከፈሉ፣ የተጋ ይቅደም፣ ያልተጋም ይቆይ የሚል ነበረ። የሌሎች ትምህርቶች መምህራን አልተቀበሉትም፤ በእርሳቸው ክፍል ግን ጸና። ከዚህም ጋራ ጀርመንኛን ጀርመናዊ፣ ኢጣልያንኛን ኢጣልያዊ እንዲያስተምር ተደረገ። በ1849 ያሳተሙት የእስፓንያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሦስት ቅጽ ነው።

የሁለተኛው ፕሮፌሰር ታሪክ ለዚህ ገጽ ይበልጥ የተገባ ነው። ሄንሪ ዎድስዎርዝ ሎንግፌሎ በ1807 በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የሕግ ሰው ነበሩና ልጃቸው በእርሳቸው መንገድ እንዲሄድ ፈለጉ። ልጁ ግን ገና በቦዶይን ኮሌጅ ሳለ፣ ምኞቱ በሥነ ጽሑፍ ሰው መሆን እንደ ሆነ ለአባቱ ጻፈ። አባትም ይህ አገር በጽሑፍ ብቻ የሚኖርን ሰው ለመመገብ የሚበቃ ሀብት የለውም ብለው መለሱለት። የአባትዬው መልስ ክፋት የለበትም፤ ኑሮን የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

በ1825 ትምህርቱን ሲፈጽም ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። ኮሌጁ የሕያዋን ልሳናት መምህር ሊያቆም አስቦ፣ ይህ የ18 ዓመት ልጅ ወደ ኤውሮፓ ሄዶ ቋንቋዎቹን ቢማር ወንበሩን እንሰጠዋለን አለ። አባቱ ከኮሌጁ ባለ አደራዎች አንዱ ነበሩ፤ ሕግ ይማር ማለታቸውን ትተው የመንገዱን ገንዘብ ራሳቸው ከፈሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፈረንሳይ፣ በእስፓንያ፣ በኢጣልያና በጀርመን ሲቆይ ለአባቱ የወጣባቸው ወጪ 2,604 ዶላር ከ24 ሳንቲም ሆነ። ሳንቲሙ ሳይቀር መቈጠሩ የሕግ ሰው ቤት መሆኑን ያስታውቃል።

በፓሪስ ከአንዲት እመቤት ቤት ተከራይቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአንድ ማዕድ እየበላ ፈረንሳይኛ ተማረ፤ በማድሪድም እንዲሁ በቤተ ሰብ መካከል ኖረ። የሞተ ቋንቋ ከመምህርና ከመጽሐፍ ይገኛል። ሕያው ቋንቋ ግን ሰው እንጀራውን ሲጠይቅ፣ ልጁን ሲቈጣና እንግዳውን ሲቀበል ከሚናገረው መማር ይፈልጋል፤ ወጣቱም ይህን ትምህርት በቤተ ሰብ መካከል አገኘ።

በ1829 ሲመለስ ኮሌጁ ቃሉን አለሳለሰ፤ ዕድሜህ ገና ነውና በ600 ዶላር ረዳት መምህር ሁን አለው። እርሱም ደመወዙ ከሥራው ጋራ አይመዛዘንም ብሎ እንቢ አለ። በኋላም ፕሮፌሰር ተብሎ በ800 ዶላር፣ በቀን አንድ ሰዓትም ቤተ መጻሕፍቱን ስለሚጠብቅ በ100 ዶላር ጭማሪ ተስማሙ። እንግዲህ ወንበሩን ይዘዋልና ከዚህ በኋላ እርሳቸው ልንላቸው ይገባል። ለተማሪዎቻቸው የሚሆን መጽሐፍ ስላጡም የፈረንሳይኛ ሰዋስውና የእስፓንኛ ትረካዎች በ1830፣ የኢጣልያንኛ ምንባብ ደግሞ በ1832 አዘጋጅተው አሳተሙ።

ቲክኖር በ1835 ሥራቸውን ሲተዉ ሃርቫርድ ሎንግፌሎን በ1,500 ዶላር ደመወዝ ጠራቸው፤ አስቀድመውም ጀርመንኛን እንዲያጸኑ እንደ ገና ወደ ኤውሮፓ ቢሄዱ መልካም ነው አለ። በ1831 ያገቧትን ሚስታቸውን ሜሪን ይዘው ሄዱ። እመቤቲቱ በመንገድ ሳሉ ጽንስ ወረደባቸውና በኅዳር 1835 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ሞቱ። ባልየው አስከሬኑን ወደ አሜሪካ ሰደው እርሳቸው ወደ ሃይደልበርግ ለትምህርት አለፉ። ሐዘን ሳይወጣ ሰዋስው መግለጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሃርቫርድ የፈረንሳይኛ፣ የጀርመንኛ፣ የኢጣልያንኛና የእስፓንኛ መምህራን ሁሉ በሎንግፌሎ ሥር ነበሩ። እርሳቸውም ስለ ጌቴና ስለ ዳንቴ መጻሕፍት ያስተምራሉ፤ የቀረውን ቀን ግን የረዳቶቹ ቍጥጥር ይወስድባቸዋልና ለድርሰት ጊዜ አጣሁ እያሉ ያዝኑ ነበር። ስለ እርሳቸው ከተነገረው ሁሉ ይህ ጸሐፊ የሚያደንቀው ሌላ ነገር ነው። ተማሪዎቹን እያንዳንዱን ሚስተር ብለው ይጠሩ ነበር፤ ይህም በእኛ ቋንቋ አንተ በሚባልበት ቦታ እርስዎ እንደ ማለት ያለ ነው። በዚያ ዘመን ተማሪ በቤተ ሰቡ ስም ብቻ ይጠራ ነበርና ልጆቹ ተደነቁ። አንድ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ሁከት አንሥተው የማንንም ቃል አንሰማም ሲሉ፣ ሎንግፌሎን ግን እንሰማለን፣ እንደ ጨዋ ሰው ያስተናግዱናልና ብለው ጸጥ አሉ። ተማሪን ማክበር መምህርን ያስንቃል የሚሉ ሰዎች ይህን ምን ይሉት ይሆን?

በ1843 ፋኒ አፕልተን የምትባለውን ወይዘሮ አገቡ። አማታቸው ለሰርግ ስጦታ የገዙላቸው ቤት ጄኔራል ዋሽንግተን በጦርነቱ ዘመን የሰፈሩበት ነበረ። በዚያው ዓመት ዓይናቸው ደከመና ፋኒ እያነበበችና እየጻፈች ረዳቻቸው፤ ከአሥር የኤውሮፓ ቋንቋዎች የተተረጐሙ ግጥሞችን የያዘው ታላቁ መድበልም በ1845 ታተመ። ከዚህ በኋላ ድርሰታቸው ቤታቸውን የሚያስተዳድር ሆነ፤ አባት በጽሑፍ መኖር አይቻልም ያሉት ቃል በልጃቸው ላይ ሳይጸና ቀረ። በ1854ም ወንበሩን ለቀቁ። በቦታቸው ጄምስ ራስል ሎውል ተተኩ።

በሐምሌ 1861 የፋኒ ልብስ በቤት ውስጥ እሳት ያዘው። ባልየው በምንጣፍ ሸፍነው ሊያጠፉ ሲሉ እጃቸውና ፊታቸው ተቃጠለ፤ እርስዋ በማግሥቱ ሞተች። በቀብሯም ላይ ለመቆም አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ግጥም መጻፍ ትተው፣ በኮሌጅ ያስተማሩትን የዳንቴን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መተርጐም ጀመሩ። የረቡዕ ማታ ወዳጆቻቸው ይመጣሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ወንበራቸውን የወረሱት ሎውል ነበሩ። ሎንግፌሎ ትርጕሙን ያነባሉ፣ ሌሎቹ የኢጣልያንኛውን መጽሐፍ ይዘው አንድ አንድ ቃል እየመረመሩ ይከራከራሉ፤ ከዚያም እራት ይቀርባል። መጽሐፉ በ1867 ታትሞ ወጣ።

ሎንግፌሎ በ1882 ሞቱ። ያን ሁሉ ቋንቋ ያስተማሩበት ኮሌጅ ግን ሴት ልጆችን አይቀበልም ነበርና፣ ሦስቱ ሴቶች ልጆቻቸው በአባታቸው ወንበር ፊት ተቀምጠው ሊማሩ አይችሉም ነበር። ሴት ልጃቸው አሊስ በ1879 ከሌሎች ስድስት እመቤቶች ጋራ ማኅበር አቆመች፤ የሃርቫርድ መምህራንም ለወንዶች ያስተማሩትን ትምህርት ለሴቶች ደግመው ለብቻ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በመጀመሪያው ዓመት የተቀበሉት 27 ሴቶች ነበሩ። ይህም በ1894 ራድክሊፍ የሚባል ኮሌጅ ሆነ። አሊስ እስከ 1928 ድረስ በአባትዋ ቤት ኖረች።