ደብተር ይዘው በር የሚያንኳኩ ተማሪዎች

ከመርካቶ ብዙዎቻችሁ ለዐረፋ ወደ ስልጤ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ወሎ ትሄዳላችሁ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁ “ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች ስለ ጤናችን ጠየቁን፤ ምን ፈልገው ይሆን?” ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተውና በኋላ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተጠቃለለው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር አያይዞታል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፦ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አላችሁ? ሕፃኑ ተከትቧል? ተቅማጥ የያዘው ልጅ አለ? ከዚያ ዋና ዋናዎቹን ችግሮች ለይተው ከነዋሪው ጋር ዕቅድ ያወጣሉ፤ አብረው ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ምን እንደተለወጠ ይመዝናሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበናን ለእንግዳ መናገር ነውር ስለሚመስለን ሽንት ቤት ሳይኖረን “አለን”፣ ልጁ ታሞ ሳለ “ደህና ነው” እንላለን። እንዲህ ያለው መልስ ሲደመር መንደሩ ችግር የሌለበት ይመስላል፤ መጎልበት የነበረበት ምንጭም ከዕቅዱ ይቀራል። ጉዳቱ የሚደርሰው በሕፃናቱ ላይ ነው።

ተማሪዎቹም ግዴታ አለባቸው። ሰላም ብሎና ፈቃድ ጠይቆ መግባት ዲናችን ያስተማረን አደብ ነው። የሰሙትን ምስጢር መጠበቅ አለባቸው። እናት ለወንድ መናገር ካፈረች ሴት ተማሪ እንድታነጋግራት ትጠይቅ። መመለስ የማትፈልጉት ጥያቄ ካለ “ይቅርብኝ” ማለት መብታችሁ ነው፤ ውሸት ግን አትመልሱ።

እናንተም ወደ አገር ቤት ስትሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው በታች በኩል ይቆፈር። ከሽንት ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ አመድ ያገለግላል። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡት አይከልከል፤ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ደም ከቀላቀለ ወይም ልጁ ከደከመ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለዐረፋ ከምትወስዱት ስጦታ ጋር ሳሙናና ኦአርኤስ ጨምሩበት። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን!