ጋይር ሼትሶ እና የ«ጸጥተኛው ዶን» ደራሲነት ሙግት

በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበሩት ጋይር ሼትሶ (ከ1937 እስከ 2008 እ.ኤ.አ.) በባለቅኔው ባራቲንስኪ ላይ ካደረጉት የዶክትሬት ጥናት ተነሥተው የዶስቶየቭስኪን፣ የጎርኪንና የቶልስቶይን የሕይወት ታሪክ እስከ መጻፍ የዘለቁ ምሁር ሲሆኑ፣ ስማቸውን ከኖርዌይ ውጭ ይበልጥ ያስጠራው ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ያከራከረውን የሩሲያ ልቦለድ የ«ጸጥተኛው ዶን»ን ደራሲነት ጥያቄ በቁጥር መመርመራቸው ነው።

ሚኻይል ሾሎኮቭ የልቦለዱን የመጀመሪያ ክፍሎች በ1928 ማሳተም ሲጀምር ገና 23 ዓመት ያልሞላው ወጣት ስለነበር፣ ሥራውን ከሌላ ሰው ረቂቅ ወስዶታል የሚል ሐሜት ብዙም ሳይቆይ ተነዛ፤ በ1965 የኖቤል ሽልማት መቀበሉም ሐሜቱን አላበረደውም። በ1974 ሶልዠኒትሲን መቅድም የጻፈለት አንድ መጽሐፍ በፓሪስ ታትሞ፣ የሥራው እውነተኛ ባለቤት በ1920 የሞተው ደራሲ ፊዮዶር ክሪዩኮቭ ነው የሚለውን ግምት አጠናከረ። ሾሎኮቭ የሶቪየት ሥርዓት ታማኝ በመሆኑ ሙግቱ የፖለቲካ ወገን መለያ ጭምር ሆኖ ነበር።

ሼትሶና ሦስት የስካንዲኔቪያ ባልደረቦቻቸው የሁለቱን ደራስያን ጽሑፎች ከልቦለዱ ጋር በኮምፒውተር አነጻጸሩ። ስታይሎሜትሪ የሚባለው ይህ ዘዴ ጸሐፊው ሳያስበው የሚደጋግማቸውን ልማዶች፣ ማለትም የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት፣ የቃላት ክፍሎችን አሰላለፍና የቃላት ሀብቱን ስፋት፣ እንደ ጣት አሻራ የሚለካ ነው። በ1984 የታተመው ውጤት ልቦለዱ ከክሪዩኮቭ እጅግ የራቀ፣ ለሾሎኮቭ የቀረበ መሆኑን አሳየ፤ ጠፍተው የቆዩት የሾሎኮቭ የእጅ ጽሑፎች በ1999 በሞስኮ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ተቋም እጅ ሲገቡም ማስረጃው በዚያው አቅጣጫ ተጠናከረ።

ይኸው ለጽሑፉ የመታመን ልማድ በዶስቶየቭስኪ አዲስ ኪዳን ጥናታቸውም ይታያል። ደራሲው ወደ ኦምስክ እስር ቤት ሲጋዝ በ1850 ቶቦልስክ ላይ የተሰጠውንና እስከ ሞቱ ያልተለየውን ይህን መጽሐፍ ሼትሶ ቅጠል በቅጠል መርምረው፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስና በጥፍር የተተዉትን ምልክቶች ከየጥቅሱ ጋር መዝግበዋል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የግዕዙን የፍልስፍና መጽሐፍ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»ን የጻፈው ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ከሞገተ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ሰምነር የመጽሐፉን ኢትዮጵያዊነት አጥብቀው ቢከላከሉም ክርክሩ ዛሬም ቀጥሏል፤ የብሔር ኩራትም ሆነ የባዕድ ንቀት የማይፈታው ጥያቄ በመሆኑ፣ ግዕዝ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሼትሶን ሥራ አንብበው ዘዴውን በዚህ መጽሐፍ ላይ ሊሞክሩት ይገባል።