ለወጥ የማይሆን ሽንኩርት፣ ለጥላ የሚሆን አበባ



የወደራ አገር ደንም ቆላም ይጎበኘዋል። በአንድ በኩል ዝግባ ያለበት የአንፈራራና የወደራ ደን አለ። ወደ ነገሌ ሲወረድ ደግሞ ግራርና ቁጥቋጦ ይበዛል። የትም ቢሆን ግን ዛፍ ሥር የተተከለ ጎመን ፀሐይ አጥቶ ይጫጫል። ታዲያ ጥላው ቦታ ባዶውን ይቅር? አይቅር። የጅብ ሽንኩርት እንትከልበት።

የጅብ ሽንኩርት ምንድን ነው? ከመሬት በታች ሽንኩርት የመሰለ ራስ ያለው አበባ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎች አበቦችም አሉ። እኛ የምንለው ቀዩን ነው። የሳይንስ ስሙ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው። መልቲፍሎረስ ማለት ባለ ብዙ አበባ ማለት ነው። በአንድ አገዳ ላይ እስከ 200 ትንንሽ አበቦች ይወጣሉ። አብረው ሲፈኩ ቀይ ኳስ ይመስላሉ።

በአውሮፓ ቱሊፕ የሚባል አበባ አለ። እሱም ራስ አለው። በብርድ ወራት አፈር ውስጥ ይቆያል፤ ብርዱ ሲያልፍ ያብባል። ብርድ ካላገኘ በደንብ ስለማያብብ ለእኛ ቆላ አይሆንም። የእኛው ግን የሚተኛው በበጋ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፤ ራሱ ስንቁን ይዞ አፈር ውስጥ ይቆያል። የበልግ ዝናብ ሲጥል ይነቃል።

ይኸ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ አገር ከጥጃ ጋር ውሃ የሚሻማ አበባ አንተክልም። የጅብ ሽንኩርት በበጋ ውሃ አይጠይቅም። እንዲያውም ተኝቶ ሳለ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል።

አተካከሉ እንዲህ ነው።

1. ከደን ነቅለን አናምጣ፤ ዘሩ ይጠፋል። የበሰለውን ቀይ ፍሬ እንልቀም።

2. የፍሬውን ሥጋ አጥበን እናስወግድ። ዘሩን ሳይደርቅ ወዲያው እንዝራ።

3. አፈሩ የበሰበሰ ቅጠል ያለበትና ውሃ የማይቋጥር ይሁን።

4. ራሱን ስናዛውር አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን።

5. እንታገሥ። ከዘር የበቀለው እስኪያብብ 3 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሽንኩርት መርዝ ነው! ሊኮሪን የሚባል መርዝ አለበት። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበት ነበር። የበላው ሰው ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ፍየልና በግም ይጎዳል።

ስለዚህ ከጓሮ ሽንኩርት አጠገብ አንትከለው። ቦታውን በእሾህ እንጠር። ከነካነው በኋላ እጃችንን እንታጠብ። ሰው ከበላው በግድ አናስመልሰው፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የበላውንም ተክል ቁራጭ ይዘን እንሂድ።

እናቶችና አባቶች፣ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። በጋ ላይ ቅጠሉ ሲጠፋ ራሱ የት እንዳለ ይረሳል። ቆፍሮ ያገኘው ልጅ ሽንኩርት ነው ብሎ ወደ ቤት ሊያመጣው ይችላል። እንግዲህ አንድ ሳንቃ ፈልጉ። በከሰል «መርዝ ነው፤ አይበላም» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉና አጠገቡ ትከሉ። ማንበብ ላልቻለ ልጅ ደግሞ አንብቡለት።