ነርቭ የሌለው በቆሎ መበላቱን በምን ያውቃል?

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኡኬና በዙሪያዋ ባለው ቆላ፣ ክረምት ሲገባ ዓይን የሚሞላው በቆሎ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ወለጋንም አልማረም። ጅራቱ ጫፍ አካባቢ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ያሉት ይህ ትል፣ ገና ጫጩት ሳለ የቅጠሉን አረንጓዴ ብቻ ፍቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሲያድግ ወደ በቆሎው እምብርት ገብቶ ይመሽጋል። ገበሬው መምጣቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እርጥብ ኩሱን እምብርቱ ላይ ተከምሮ ሲያይ ነው። ተክል ግን እስከዚያ አይቆይም። አንድ ቅጠል ሲገመጥ ወሬው በደቂቃዎች ውስጥ ሌሎቹ ቅጠሎች ዘንድ እንደሚደርስ ዛሬ በማስረጃ ይታወቃል።

ወሬውን የሚያስነሳው ግሉታሜት ነው። ግሉታሜት ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ሲሆን፣ በ1866 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት ሪትሃውዘን ከስንዴ ለይቶ አውጥቶታል። በእኛ አንጎል ውስጥ ደግሞ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን የሚያነቃቃበት ዋናው መልእክተኛ እሱ ነው። መልእክቱን የሚያነብለት ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን የሕዋሱን ሽፋን ሰንጥቆ ተተክሏል። ከሽፋኑ ውጭ ያለው ክፍሉ እንደ ሁለት መዳፍ የተከፈተ ነው፤ ግሉታሜት መሐሉ ሲገባ ይገጥማል። በዚህ ጊዜ የፕሮቲኑ ሌላው ጫፍ ተስቦ በሽፋኑ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ይከፈትና ኤሌክትሪክ የተሸከሙ እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ይገባሉ።

እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ይህ ሁሉ የእንስሳት ጉዳይ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የግሎሪያ ኮሩዚ የምርምር ቡድን ነርቭም አንጎልም የሌላት አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመን ዘር ዘመድ ውስጥ የእነዚህን ተቀባዮች ጂን አገኘ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ አራቢዶፕሲስ 20 እንዲህ ያሉ ጂኖች እንዳሏት ታወቀ። መተላለፊያ የሚከፍቱት የሰው ግሉታሜት ተቀባዮች ጂኖች 18 ናቸው። ባክቴሪያ ውስጥም ዘመዶቻቸው ስለተገኙ፣ ቤተሰቡ ነርቭ ከመፈጠሩ እጅግ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ተክል ምን ያደርግበታል? በ2013 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ የኤድዋርድ ፋርመር ቡድን በአራቢዶፕሲስ ቅጠሎች ላይ ኤሌክትሮድ አስቀምጦ ትል ለቀቀባቸው። ትሉ የእኛው መጤ ተምች የቅርብ ዘመድ ነበር። ቅጠሉ ላይ ሲሄድ ምንም የለም፤ መብላት ሲጀምር ግን ኤሌክትሪኩ ተነስቶ ወደ ሌሎች ቅጠሎች ተጓዘ። ሁለት የግሉታሜት ተቀባዮች በጎደሉት ተክል ውስጥ ጉዞው ተሰናከለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎቹ ማሳትሱጉ ቶዮታና ሳይመን ጊልሮይ ካልሲየም ሲጨምር የሚያበራ ፕሮቲን ያለበት ተክል አዘጋጁ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ብርሃኑ ከቁስሉ ተነስቶ በተክሉ የምግብ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች በኩል በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ሩቅ ቅጠሎች ደረሰ። ቁስል ሳይኖር ግሉታሜት ብቻ ጠብ ሲደረግበትም ያው ብርሃን ተነሳ። ወሬው የደረሰው ቅጠል ጃስሞኔት የተባለውን ሆርሞን ያመርታል፤ ይህም የነፍሳትን ምግብ መፈጨት የሚያውኩ ፕሮቲኖች እንዲዘጋጁ ያዛል። ሙከራው በአራቢዶፕሲስ የተሠራ ቢሆንም በቆሎም የዚሁ ቤተሰብ ጂኖች አሉት።

ልዩነቱም ሰፊ ነው። በእኛ ፈጣን ነርቮች ላይ መልእክት በሴኮንድ 100 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በእኛ አንጎል ግሉታሜት በጥንቃቄ እየተመጠነ ይለቀቃል፣ ወዲያውም ይለቀማል፤ በተክል ውስጥ ከተቀደደ ሕዋስ የሚፈሰው ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። የእንስሳቱ ተቀባዮች በአመዛኙ ለግሉታሜትና ለጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ሲከፈቱ፣ የተክሎቹ ግን ብዙ ዓይነት አሚኖ አሲዶችን ይቀበላሉ። የወንዴ ዘር ቱቦ ሲያድግና በቅጠል ላይ ያሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ሲከፈቱና ሲዘጉም ይሳተፋሉ። ከዚህ ተነስቶ «ተክል ያስባል፣ ያመዋል» ማለት ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው፤ የተረጋገጠው መልእክት ማስተላለፉ ነው።

ይህ ኬሚስትሪ ለኢትዮጵያ ባዳ አይደለም። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን ጥቁር አፈርም ችሎ የሚበቅል፣ በክፉ ዓመት የብዙውን ደሃ ነፍስ ያቆየ እህል ነው። ውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል ቅርጹ ግሉታሜትን የመሰለ ንጥረ ነገር አለ። ኦዳፕ በሰው ነርቭ ላይ ያለውን የግሉታሜት ተቀባይ ይከፍታል፤ ከመጠን በላይ የተቀሰቀሰው ነርቭ በራሱ ሥራ ብዛት ይሞታል። ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ለወራት ሲበላ እግር ይገትራል፣ ያሽመደምዳል፤ የሞተው ነርቭም አይመለስም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በደንቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ በደላንታና በዳውንት የደረሰው ይህ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በሽታውን ካጠኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ናቸው። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ይሰብራል የሚለው እምነት በየገጠሩ ተስፋፍቶ ቢቆይም ጉዳቱ የሚመጣው ከመብላቱ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል፤ እጅግ የሚያንገበግበው ግን የሚጎዳው የሚቀላቀል እህል የሌለው ሰው መሆኑ ነው።

ወደ ወለጋ ስንመለስ፣ መጤ ተምችን ለመግደል ከሚረጩት ኬሚካሎች አንዱ ኢማሜክቲን ቤንዞኤት ነው። እሱም የሚያጠቃው በትሉ ነርቭና ጡንቻ ላይ በግሉታሜት የሚከፈት ሌላ ዓይነት መተላለፊያ ነው። ይህ ከላይ ካየነው ቤተሰብ ውጭ ሲሆን ክሎራይድ ያስገባል። ኬሚካሉ ከፍቶ ስለሚይዘው ነርቩ ይደነዝዛል፤ ትሉ መብላት ያቆምና ሽባ ሆኖ ይሞታል። የቅርብ ዘመዱ አይቨርሜክቲን ደግሞ በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ክኒን ነው። በወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን፣ ቆዳ የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካ የተባለ የትል በሽታ ለመከላከል ይታደላል። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ሳይሆን በቁመት ነው፤ አዳዩ ምልክት የተደረገበት እንጨት አጠገብ ያቆማችሁና ስንት ፍሬ እንደሚገባችሁ ያነባል። መድኃኒቱ ጥቃቅኖቹን ትሎች ሽባ ሲያደርግ ሰውን የማይጎዳው፣ ያ በግሉታሜት የሚከፈት የክሎራይድ መተላለፊያ በሰው ነርቭ ላይ ስለሌለና መድኃኒቱም ወደ አንጎል እንደልቡ ስለማይገባ ነው። እናቲቱን ትል ግን አይገድላትም። እሷ በሰውነት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ልትኖርና ልትራባ ስለምትችል፣ እከኩ ለጊዜው የለቀቀውም ሰው እደላው በመጣ ቁጥር ክኒኑን መውሰድ አለበት።