ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ዙሮ ዙሮ አንድ ነው። «አፕ አልጫን አለኝ»፣ «አፕዴቱ ግማሽ ላይ ይቆማል»፣ «ዊንዶው ይቀየርልኝ?»። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ፤ መጀመሪያ ግን ኅዳር 5 ቀን እዚሁ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር የገጠመኝን ላውጋችሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሐርጌሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱም ጭር ይላል። እኔም ቤቴ ጋደም ባልኩበት፣ እንጀራ እየጋገሩ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ከልጄ ጋር አላገናኝ አለኝ» አሉኝ። ልጃቸው አዳማ ናት፤ በየሳምንቱ በቪዲዮ ያወራሉ። የጥሪው አፕ «አድሱኝ» ይላል፤ ሲያድሱት ስህተት ያወጣል። አጥፍተው እንደ አዲስ ሊጭኑት ቢሞክሩም ያው ነው። ከእኔ በፊት ያዩት ባለሙያ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ብሏቸዋል። የሦስት ዓመት የእንጀራ ሒሳብና የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ደግሞ ያለው እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ ነው።

ሄጄ አየሁት። የስህተቱ ቁጥር 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ ይላል። ይህን ቁጥር ስታዩ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ዓይናችሁ ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ ይሂድ። እዚያ የተጻፈው 3/5/2018 ነበር።

«እማማ፣ ቀኑን ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኛ! ኅዳር አምስት አይደለም እንዴ? ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

እርሳቸው አልተሳሳቱም። ኮምፒውተሩ ግን ባሕረ ሐሳብ አያውቅም። 3/5/2018ን ያነበበው እንደ ፈረንጆቹ ማርች 5 ቀን 2018 አድርጎ ነው፤ ከሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወደኋላ ተመልሷል ማለት ነው።

ታዲያ ቀን ከአፕ ጋር ምን አገናኘው? ኮምፒውተራችሁ አፕ ወይም አፕዴት ሲያወርድ የላኪውን ሰርቨር መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ሰርቲፊኬት የሚባለው ይህ መታወቂያ እንደ ፓስፖርት የተሰጠበትም የሚያበቃበትም ቀን አለው። በ2025 የተሰጠ ሰርቲፊኬት 2018 ላይ ላለ ማሽን ሲቀርብለት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚታተም ፓስፖርት ይዞ ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ እንደቆመ መንገደኛ ነው። ኬላው አያሳልፍም፤ ማሳለፍም የለበትም።

ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካከልኩ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ስለነበር አብሬ አረምኩት። ከሰዓት ዞኑ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባንም ሐርጌሳንም አትፈልጉ፣ የሉም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፣ ያው የእኛው ሰዓት ነው። ከዚያ «ሰዓቱን በራስህ አስተካክል» የሚለውን አብሩ። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ ራሱ አስተካክሎ ላይጨርስ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በእጅ ማቃረብ ይሻላል። አፕዴቱ አለፈ፤ ወዲያው አዳማ ተደወለ።

በማግሥቱ ግን ችግሩ ተመልሶ መጣ። እማማ ማታ ማታ ሶኬቱን ከግድግዳው ይነቅላሉ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ደግሞ ሞታለች። ሳንቲም የምታህል ክብ፣ ባለ 3 ቮልት፣ ሲአር2032 የምትባለዋ ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለይ ቀኑን የምታስታውስለት እሷ ናት። እኔ ጋ የሚመጡት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከዱባይ የገቡ ያገለገሉ ስለሆኑ ይህ ብርቅ አይደለም። ባትሪዋን ቀየርኳት፣ አበቃ።

የእናንተ ቀን ትክክል ከሆነስ? በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

1. ቦታ። ስህተቱ 0ኤክስ80070070 ከሆነ ሲ ድራይቭ ሞልቷል ማለት ነው። ሪሳይክል ቢንን ባዶ አድርጉ፣ ፊልሞቹን ወደ ዲ ድራይቭ ወይም ወደ ፍላሽ አዛውሩ።

2. ኢንተርኔት። ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ኔትወርኩ «ሚተርድ» ተብሎ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ያን ጊዜ ዳታችሁን ሊቆጥብ ብሎ አፕዴቱን ያዘገያል። ይህ ብልሽት አይደለም።

3. ቢት። 64 ቢት አፕ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብታችሁ የራሳችሁን እዩ፣ የሚስማማውን አውርዱ።

4. ወረፋ። ቁጥሩ 1618 ከሆነ ሌላ አፕ ከጀርባ እየተጫነ ነው። ታገሡት፤ ካላለቀ ሪስታርት አድርጉ።

5. የተበላሸ አውራጅ። መብራት መሐል ላይ ሲሄድ በግማሽ የወረደ ፋይል ይቀራል። ሰርቪስስ ገብታችሁ «ዊንዶውስ አፕዴት»ን አቁሙ፤ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን»፣ በውስጡም «ዳውንሎድ» የሚለውን ክፈቱና ያለውን አጥፉ፤ ሰርቪሱን መልሳችሁ አስነሡ። ከዜሮ ያወርዳል።

6. ክራክ። ይህን የምትደብቁኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንድ ክራክ «ሆስትስ» የሚባለውን ፋይል ነካክቶ ኮምፒውተሩ ወደ አምራቹ ሰርቨር እንዳይደርስ ይዘጋል፤ አፕዴቱም እዚያው ይሞታል። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ያለው ፋይል ካያችሁ ደግሞ አትንኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ለተራዘመው የደኅንነት ድጋፍ ካልተመዘገባችሁ እንደ ድሮው ወርኃዊ ማሻሻያ ባይመጣላችሁ የተበላሸ ነገር የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ስለሚጠይቅ ብዙውን አሮጌ ዴስክቶፕ አይቀበልም። ይህን ፎርማት አይፈታውም።

ፎርማት የመጨረሻው በር ነው፤ እሱም ፋይላችሁን በሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁ በኋላ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የስህተት ፎቶ ስትልኩልኝ ስክሪኑን ሙሉውን አንሡት፣ የቀኙ ታችኛ ጥግ ይታይ። የእኛን አቆጣጠር ደግሞ ለግድግዳው ካላንደር ተዉለት። እማማ አሁን ጾሙን የሚያዩት ከዚያ ነው።