«ብርድ ነው» የሚባለው ሳል፦ የማረሚያ ቤት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችና የሳንባ ነቀርሳ

የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሲባል በብዙዎቻችን አዕምሮ ቀድሞ የሚመጣው መሣሪያ ያነገበ ጠባቂ ነው። ይሁንና የማረሚያ ቤት ሥራ በጥበቃ ብቻ አያበቃም። በር ላይ ቆሞ ጠያቂ ቤተሰብ የሚመዘግብና ስንቅ የሚፈትሽ አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ የሚያበስል፣ ከመጋዘን ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚያወጣና የሚያስገባ፣ ታራሚን ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ሆስፒታል የሚያመላልስ፣ ግቢ የሚያጸዳም አለ። እነዚህ የሥራ መደቦች ረጅም ልምድ ስለማይጠይቁ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ የእንጀራ በር ናቸው። አዲስ ተቀጣሪ ስለ ደመወዙና ስለ ተራ ፈረቃው ይጠይቃል፤ ስለሚተነፍሰው አየር ግን እምብዛም አይጠይቅም።

ሊጠይቅ ግን ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማረሚያ ቤቶች ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የመከሰት መጠን ከቀሪው ኅብረተሰብ ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ ያህል ነው። ኢትዮጵያም በሽታው ከፍተኛ ጫና ካሳደረባቸው 30 የዓለም አገራት አንዷ ናት። ምክንያቱ የታራሚው ወንጀል ሳይሆን የአኗኗሩ ሁኔታ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ያድራል፤ በርና መስኮት ሌሊቱን ተዘግቶ ይቆያል፤ የምግብ እጥረትና እንደ ኤች አይ ቪ ያሉ ሕመሞች ደግሞ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማሉ።

የቲቢ ተህዋስ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ተህዋሱን ወደ አየር ይለቃል። አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ተህዋሱ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በእጅ መጨባበጥ፣ አብሮ በመመገብ ወይም ልብስ በመንካት ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ከመጋዘን ሠራተኛው ይልቅ ቲቢ የሚያሰጋው መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሚያስል ታራሚ ጋር ረጅም መንገድ የሚጓዘውን ሾፌር ነው። የመጋዘን ሠራተኛው ከብርድ ልብሱ ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ለእከክና በቅማል ለሚተላለፉት ለተስቦና ለግርሻ ነው።

ተህዋሱ ወደ ሰውነቱ የገባ ሰው ሁሉ አይታመምም። አብዛኛው ሰው ተህዋሱን ተሸክሞ ሕመም ሳይሰማው ይኖራል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለም ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ነገር ግን ስኳር በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት፣ ሲጋራና ከልክ ያለፈ የአልኮል መጠጥ የተኛውን ተህዋስ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

ዋናው የሕመሙ ምልክት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ነው። ምሽት ላይ የሚነሳ ትኩሳት፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚያጠምቅ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የክብደት መቀነስ፣ የደረት ውጋት፣ አንዳንዴም ደም የተቀላቀለበት አክታ አብረውት ይታያሉ።

ለሌሊት ተረኛ ሠራተኛ አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ምልክቶች ከሥራው ድካም ጋር መመሳሰላቸው ነው። ሳሉን «የሌሊት ብርድ ነው» ይለዋል። ድካሙን ከእንቅልፍ ማጣት፣ መክሳቱን ከምግብ ሰዓት መዛባት ይቆጥረዋል። ቀን ተኝቶ ቢያልበው የቀን ሙቀት ነው ብሎ ያልፈዋል። ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ እየገዛ ሳምንታት ይቆጠራሉ። በእነዚያ ሳምንታት ግን ሲነጋ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው፤ ልጆቹን የሚያቅፈውም፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንዲት ክፍል የሚተኛውም እያሳለ ነው። ሕፃናት ሲወለዱ የሚሰጣቸው የቢ ሲ ጂ ክትባት ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ቢጠብቃቸውም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በተለይ ተጋላጭ ናቸው።

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። አክታ ሰጥቶ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ማስመርመር ይቻላል፤ መሣሪያው ናሙናውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመረምራል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋነኛ መድኃኒት የተላመደ ተህዋስ መኖሩንም ይለያል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ሕክምና በነጻ ይሰጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «የምሠራው ማረሚያ ቤት ነው» ብለው ይንገሩ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለሙያው ቲቢን ቶሎ እንዲጠረጥር ትረዳዋለች።

መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፤ ሰውነትም ይበረታል። ብዙዎች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት ታዲያ ይኼኔ ነው። ያቋረጡት ተህዋስ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ስለሚችል ሕክምናው ይከብዳል። አንድ ታማሚ ሲገኝም አብረውት የሚኖሩ ቤተሰቦች ሊመረመሩ ይገባል፤ ያልታመሙትም እንደ ሁኔታው መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

ብዙዎችን ከምርመራ የሚያስቀራቸው «ከሥራ እባረራለሁ፣ ጎረቤት ይሸሸኛል» የሚል ስጋት ነው። ነገር ግን ለሥራ ባልደረባውም ሆነ ለጎረቤቱ የሚያሰጋው የተደበቀው ሳል እንጂ መድኃኒት የጀመረው ሰው አይደለም። ትክክለኛው መድኃኒት ሲጀመር የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። የደቡብ አፍሪካው የነጻነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላም እስር ላይ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1988 ቲቢ ተገኝቶባቸዋል። ታክመው ድነው ከስድስት ዓመት በኋላ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

በሥራ ቦታ የሚደረገው ጥንቃቄም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የመኪናና የክፍል መስኮት ይከፈት፤ ምዝገባና ፍተሻ በተቻለ መጠን ነፋሻ ቦታ ላይ ይሁን። የሚያስል ሰው በጨርቅ ወይም በክንዱ እጥፋት አፉን ይሸፍን፤ ተራ የአፍ መሸፈኛ ለእርሱ ይሰጠው። በቲቢ የተጠረጠረ ታራሚ የሚያጓጉዙ ሠራተኞች ደግሞ ኤን 95 የተባለውን ጭምብል ከኃላፊዎቻቸው ይጠይቁ፤ ተራው መሸፈኛ የለበሰውን ሰው ከተህዋሱ በበቂ ሁኔታ አይከላከልም።

የሚያስል ታራሚ ሲያዩ መሸሽ ሳይሆን ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ መንገር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸውና በማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦች፣ ታራሚ በኅብረተሰቡ ዘንድ ካለው ጋር እኩል የሆነ ሕክምና ሊያገኝ እንደሚገባ ይደነግጋሉ። የእርሱ በጊዜ መታከም ስንቅ ለሚፈትሸው ሠራተኛም፣ እቤት ለሚጠብቁት ልጆቹም ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ሳልዎ ሁለት ሳምንት ከሞላው የሚቀጥለውን ፈረቃ አይጠብቁ። ከተረኝነት ሲወጡ ወደ ቤትዎ ከመግባትዎ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ።