የለገሃር አማካይ ነዋሪ

በአዲስ አበባ፣ በለገሃር ዙሪያ የጭቃ ግድግዳ ያለው የቀበሌ ቤትና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ አጥር ተጋርተው ኖረዋል። እንዲህ ያለውን ሰፈር በአንድ ቁጥር ልግለጽ ያለ ሰው ይቸገራል፤ የሁለቱ ጎረቤቶች አማካይ ገቢ ቢሰላ ከሁለቱ የአንዳቸውም አይሆንም።

መልክዓ ምድራዊ መረጃ የሚባለው «ስንት?» ለሚለው ጥያቄ «የት?» የሚለውን አክሎ የሚመልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ቻርልስ ቡዝ የለንደንን ጎዳናዎች በነዋሪው የኑሮ ደረጃ በቀለም ለይቶ አሳትሞ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ቤትን፣ ገቢንና ወንጀልን በአንድ ካርታ ላይ ይደራርባል።

በአዲስ አበባ የእንዲህ ያለው ካርታ መነሻ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ከተማው እያንዳንዳቸው ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ተከፍሎ ነበር። ቆጠራው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ መጸዳጃው ይጠይቃል፤ ገቢን ግን አይጠይቅም። ገቢና ወጪ የሚጠናው በናሙና ስለሆነ ስለ አንድ መንደር ለመናገር የሚበቃ ቤት አይዳረስም።

ታዲያ የቤት ኪራይን በገቢ ምትክ መውሰድ አይቻልም? እዚህ አያስኬድም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለረጅም ዘመን ባለበት ስለቆየ፣ የሚከፈለው ገንዘብ የመሬቱንም የተከራዩንም አቅም አያሳይም።

የወንጀል ቁጥርም ማስተዋል ይፈልጋል። በለገሃርና በስታዲየም በኩል ቀን የሚያልፈው ሕዝብ ማታ ከሚያድረው እጅግ ይበዛል። የተመዘገበው ኪስ ማውለቅ ለነዋሪው ብቻ ሲካፈል፣ ሰፈሩ ከሆነው በላይ አስፈሪ ይመስላል። ስርቆቱን ያላመለከተ ሰው ደግሞ ካርታው ላይ ጭራሽ የለም።

የካርታው ትልቁ ፈተና ግን የሰው ቦታ መቀያየር ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ነዋሪ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማው ዳርቻዎች ሄዷል። ነገ ካዛንቺስ ያለበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቤቶች ጥራት ወይም አማካይ ገቢ ከፍ ብሎ ቢታይ፣ የማንም ኑሮ ሳይሻሻል ሊሆን ይችላል። ድህነት ቀነሰ ወይስ ድሃው ሄደ የሚለውን ለመለየት፣ ከቦታው ጋር የሚቀር ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን እስከ አዲሱ ሰፈር የሚከተል መረጃ ያስፈልጋል።